ከድንጋዩ ላይ የዘለልኩት መስመር

በምሥራቁ ጦርነት የወደቁት የአካባቢያችን ሚሊሺያዎች ስማቸው በእብነ በረድ ተቀርጾ ናዝሬት ላይ እንዲቆም ተወሰነና ዝርዝሩን ማን ያጣራው ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ጠቆመ። ታሪክ አስተምር ነበር። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ስህተት ካየሁ ደግሞ ሳላርመው እህል አይወርድልኝም። አልተግደረደርኩም። ለዚያ ሥራ ከእኔ የተሻለ ሰው እንደሌለ አውቅ ነበር።

ቀበሌዎቹ የላኩት ወረቀት የዘመተውን ሰው ስም ከነአባቱ ብቻ የያዘ ነው። በእኛ አገር በአንድ ስምና በአንድ የአባት ስም አምስት ሰው ይጠራል፤ ሞቱ ከተባሉት አንዱ ገበያ ውስጥ ቲማቲም ሲሸጥ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። አብሮት ተዋግቶ የተመለሰ ሰው ካልመሰከረ አልጽፍም፤ የአያቱን ስም ከሚያውቀው ሰው አፍ ካልሰማሁም አልጽፍም። ከሞጆ እስከ ዝዋይ በአውቶቡስ፣ አውቶቡስ ሲጠፋም በጭነት መኪና ጋቢና እየተመላለስኩ፣ ማንም ያላስታወሳቸውን ሰዎች አገኘሁ። አንዱ ዘመድ አልነበረውም፤ የአያቱን ስም የነገረኝ ዕድሜ ልኩን ፀጉሩን ሲቆርጠው የኖረ ሰው ነው።

የተሳሳትኩት መቂ ላይ ነው። አንድ እግሩን አጥቶ የተመለሰ ወታደር ስለ ጓደኛው አሟሟት "በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ ነግሮኝ፣ የቀረኝ የአያቱ ስም ብቻ ነበር። የሟቹ እናት በአትክልት እርሻ የቀን ሥራ ስለሚውሉ ቤት የሚገኙት ማለዳ ነው ተባልኩ። ሁለት የቀበሌ ሰዎች አስከትዬ ገና ጎህ ሲቀድ በራቸውን አንኳኳሁ። በዚያ ሰዓት፣ ሦስት ሰው ሆኖ፣ የሚሊሺያ እናት በር የሚያንኳኳ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔ ግን ዝርዝሬን ብቻ እያሰብኩ ረሳሁት።

እናትየው በሩን ከፍተው አዩን። ወዲያው ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። ከኋላቸው ሆዷ የገፋ ልጃቸው ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቤተሰቡ መሞቱን የሚያውቅ መስሎኝ ነበር።

"አካም ቡልተን፣ እማማ" አልኩ ፈጠን ብዬ፣ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ለማለት። "ክፉ ነገር የለም። ግንባር ያሉትን ልጆች ቤተሰብ እየመዘገብን ነው።"

"ልጄ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

እጃቸው ከአናታቸው ወረደ። "እንዲህ በጠዋት አይመጣም፣ ልጄ። ልቤን ልታቆሚው ነበር" አሉኝና አስገቡን። የአያቱን ስም ስጠይቃቸው የቅድመ አያቱን ጨምረው ነገሩኝ። "ለካ ደብዳቤው የሚጠፋው ስሙ ከሌላ ሰው እየተምታታ ነው። በደንብ አድርገሽ ጻፊው" አሉ። በደንብ አድርጌ ጻፍኩት። እንደዚያ ቀን በእጅ ጽሑፌ አፍሬ አላውቅም።

ስንወጣ የእድሩ ዳኛ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ደረሱብን። አጥሩ ጥግ ወስደው አቆሙኝ።

"ማን ላከሽ?"

"የሐውልቱ ኮሚቴ፣ ጋሼ።"

"እግሩን ያጣው ልጅ ከነገረን አምስት ወር ሆነ። እህቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። እናቲቱ ከሰሙ እሷም መስማቷ ነው። ወልዳ ከአራስ ቤት እስክትወጣ ብለን መንደሩ በሙሉ አፉን ይዟል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንቺ ያፈሰስሽውን ማን ሊለቅመው ነበር?"

"አጥፍቻለሁ" አልኩ።

ጣጣው ግን በዚያ አላበቃም። ሐውልቱ የሚመረቀው ልጅቷ ከመውለዷ በፊት ነው። የተቀረጸው ስም ሁሉ በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ የመቂም ሰው በመኪና ተጭኖ ይመጣል። ስሙ ድንጋዩ ላይ ካለ እናትና እህት ሞቱን ከአደባባይ ሊሰሙ ነው። ከሌለ ደግሞ የኮሚቴው ሊቀመንበር ቁርጡን ነግረውኛል፤ ድንጋዩ ካለቀ በኋላ የሚገባ ስም የለም። ልጁ ሕይወቱን ሰጥቶ ስሙ ሊቀር ነው። ሁለቱንም እምቢ አልኩ።

ስሞቹን የሚቀርጸው ድንጋይ ቀራጭ ጋ ሄጄ፣ በፊደል ተራ የልጁ ስም የሚውልበት ላይ አንድ መስመር እንዲዘልልኝ ነገርኩት።

"ጓድ ሊቀመንበር ያውቃሉ?" አለኝ መሮውን ሳያስቀምጥ።

"ሲያዩት ያውቃሉ።"

አዩት። በምርቃቱ ዋዜማ ጣታቸውን ባዶው ቦታ ላይ አሳርፈው "ይሄ ምንድን ነው?" አሉኝ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ የት እንደሚያደርስ አውቃለሁ። ቢሆንም መቂ ላይ የዋሸሁት ይበቃኝ ነበር።

"የአንድ ልጅ ቦታ ነው፣ ጓድ። እናቱ ቤት ገና አልሞተም" አልኩና ነገሩን ከነጥፋቴ ነገርኳቸው።

ጣታቸውን ከባዶው ቦታ ላይ አነሱ። "ለሚጠይቅሽ ሁሉ ድንጋዩ እዚያ ጋ እንከን አለበት በይ" ብለውኝ ሄዱ።

ልጅቷ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ከአራስ ቤት ስትወጣ መርዶው በወጉ ተነገረ፤ እኔም ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሜ ነበር። እናትየው እኔን ሲያዩ ማንም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ገባቸው። ያንን ለቅሶ አልጽፈውም። በሳምንቱ ቀራጩ ባዶውን መስመር ሞላው።

ከአርባው በኋላ "ስሙን አሳዪኝ" ብለው ላኩብኝ። ናዝሬት መናኸሪያ ተቀበልኳቸው። ሊረግሙኝ ነው ብዬ እየጠበቅኩ ጎን ለጎን ሄድን።

"ዋሽተሽኛል" አሉ መንገድ ላይ።

"ዋሽቻለሁ፣ እማማ።"

"ልጄን ግን በሰላም አዋልጄያለሁ" አሉና ከዚያ ወዲያ አላነሱትም።

ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን ይዤ በስሙ ላይ ቀስ ብዬ አስኬድኩት፤ መጀመሪያ የልጃቸው፣ ከዚያ የባላቸው፣ ከዚያ የአማታቸው ስም። አላለቀሱም። እጃቸው ወደ ታችኛው መስመር ወረደ።

"ይሄስ የማን ልጅ ነው?"

ስሙን አነበብኩላቸው። የዝዋይ ልጅ መሆኑን፣ አጎቱን ፍለጋ ስንት ቀን እንደተንከራተትኩና የአያቱን ስም እንዴት እንዳገኘሁ በኩራት ተረኩላቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

"እናቱስ መርዶው ደርሷታል?" አሉኝ።

አጎቱን ያን አልጠየቅኩትም ነበር። ስሙ ደግሞ በድምፅ ማጉያ ከተነበበ ወራት አልፈዋል።