ለልጄ የታዘዘው አልጋ

አንኮበር ላይ ሕፃን የሚተኛው እናቱ ብብት ሥር ነው። ሌላ መኝታ አለው ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር። እናቴ እኔን ያሳደገችኝ እንደዚያው ነው፤ የባሌ እናትም ባሌን ያሳደጉት እንደዚያው ነው። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ በር እያለፈ ቤት ውስጥ በሚገባበት አገር፣ ጨቅላን ከእናቱ ገላ ነጥሎ ላስተኛ የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ግን የባሌ ቤት ሰው በሙሉ አልጋ አዋቂ ሆኖ ተነሣ።

ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም። የመጀመሪያው ልጄ፣ ወንዱ፣ ክርስትና በተነሣ በሳምንቱ በሐምሌ ጠዋት በጎኔ ሞቶ ተገኘ። ትኩሳት አልነበረውም፣ አላሳለውም፤ ማታ ደህና ጠብቶ ነው የተኛው። አማቴ አገላብጠው አዩትና ወደ ንስሐ አባታችን ሄዱ። ንስሐ አባታችንም መጥተው ደጃፍ ላይ ቆሙና፣ "ልጄ፣ እንቅልፍሽ ከባድ ነው እንዴ?" አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ተጭነሽ ገደልሽው ማለታቸው ነው። የአንድ ዓመት ጾም ከስግደት ጋር ሰጡኝ። ጾምኩ፣ ሰገድኩ፤ አንድ ቀን እንኳ ግን አላመንኩትም። ልጄን እግዜር ወሰደው፤ እነሱ እኔ ላይ ጫኑት።

እናም ሴቷ ልጄ ስትወለድ፣ የሴቶቹ እልልታ ገና ሳያባራ፣ አማቴ ከመጋረጃው ማዶ ባሌን "ይህችስ ለብቻዋ ትተኛ" ሲሉት ሰማኋቸው። ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጋቸው ነው። የአራስ ጆሮ የማይሰማ መሰላቸው።

ባሌ ደብተራ ነው። ድምፁ ያማረ፣ ቅኔው የተወደደ፣ ከብዕር የከበደ ዕቃ ግን አንሥቶ የማያውቅ ሰው ነው። አንዳንድ ቀን ወደ ንጉሡ ግቢ እየወጣ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ ከግቢው በታች ደግሞ ጠመንጃ የሚጠግን አንድ ፈረንጅ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ይኖራል። ባሌ እዚያ ቤት ገብቶ አንድ ጉድ አይቶ መጣ። የፈረንጁ ልጅ የሚተኛው በራሱ አልጋ ነው አለ፤ አልጋው ዙሪያውን በእንጨት የታጠረ ነው፣ እግሩ እንደ ቀስት የጎበጠ ነው፣ አንድ ጊዜ ነካ ካደረጉት ብቻውን ይወዛወዛል። "ልጁ ያለ እናቱ ጭጭ ብሎ ይተኛል" አለና ነገሩን በሁለት እጁ እየወዘወዘ አሳየን። ያለ እናቱ ሲል ወደ እኔ አላየም።

ወሬው ጅሩ ያለችው እናቴ ዘንድ ደርሶ፣ ምስኪን፣ ትልቅ እንቅብ ሰፍታ በሰው እጅ ላከችልኝ። ውስጡን በለስላሳ የበግ አጎዛ ለብጣዋለች። አማቴ እንቅቡን ሲያዩ "ልጅቱ ስንዴ መሰለቻት?" አሉ። በማግስቱ ገብስ ተሰፈረበት፤ አጎዛውን እሳቸው ከወገባቸው ሥር አነጠፉት።

ሞፈርና ቀንበራችንን የሚጠርብልን ሰው ከቁልቁለቱ ሥር ይኖራል። እሱ በጠረበው ሞፈር የታረሰውን እንበላለን፣ እሱ ባበጀው በርጩማ ላይ አማቴ ጧት ማታ ይቀመጣሉ። እንግዲያው አልጋውን እሱ ይሥራዋ ብል ቤቱ ተንጫጫ። "ቡዳ በዳሰሰው እንጨት ላይ የልጅ ልጄን?" ብለው አማተቡ አማቴ። በርጩማው ላይ እንደተቀመጡ ነው ያማተቡት። ባሌም ሊቅ ነኝ ባይ ነውና ከእናቱ ጋር ተስማማ።

ተመካክረው ተመካክረው ያገኙት ሰው አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነው። እጃቸው የተባረከ ነው ተባለ። እውነት ነው፣ መነኩሴው ዕድሜ ልካቸውን ሲጠርቡ የኖሩት ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ታቦት የሚያርፍበትን መንበርና መጽሐፍ የሚዘረጋበትን አትሮንስ። ሌላ ዕቃ ሠርተው አያውቁም። ባሌ የፈረንጁን አልጋ በቅኔ እያስዋበ ነገራቸው፤ እሳቸውም አዎ፣ አዎ እያሉ ሰሙትና ጽድ አስቆርጠው ሥራ ጀመሩ። ሥራቸው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ያን ሦስት ሳምንት ልጄ እንደ ሰው ልጅ ብብቴ ሥር ተኛች፣ ጠባች፣ ወፈረች። ይህን ግን ልብ ያለው ሰው የለም።

አልጋው የመጣው በካፊያ ቀን ነው። መነኩሴው እንጨቱ እንዳይርስ ብለው በነጭ ነጠላ ሸፍነው፣ አናታቸው ላይ ተሸክመው፣ ባሌ ደግሞ ከአጠገባቸው ጥላ ይዞላቸው በገበያው መንገድ ይመጣሉ። አገር አይቶ ምን ይበል? የገበያው ሰው መንገድ ለቀቀ። ሴቶቹ እልል አሉ። አህያ የሚነዳ ሽማግሌ ጭቃው ላይ ወድቆ ሰገደ፤ አንድ ሁለት ሰዎችም የትኛው ታቦት እንደሆነ እየተጠያየቁ እስከ ደጃችን ድረስ ሸኙት። ባሌ ከኀፍረት ብዛት ጥላውን ማጠፍ አቅቶት ቆሞ ቀረ። ከመጠመቋ በፊት አልጋዋ በክብር የገባላት ከልጄ ሌላ ሴት በሸዋ አለች አልልም።

ነጠላው ሲገለጥ ነገሩ መንበር ነው። ቁርጥ መንበር። አራት ማዕዘን ነው፣ ከፊት ለፊቱ የሚከፈቱ ሁለት መዝጊያዎች አሉት፣ በመዝጊያዎቹ ላይ መስቀል ተቀርጾባቸዋል፣ ከላይ ጉልላት አለው። የሚወዛወዝ እግር የሚባል ነገር የለውም። መነኩሴው "እንዳላችሁኝ ዙሪያውን አጥሬዋለሁ" አሉ፤ ደስ ብሏቸዋል። ንስሐ አባታችን ተጠሩ። የአራስ ቤት ስለሆነ አልገቡም፤ ዕቃው ወደ ደጅ ወጣላቸውና ዞረው ዞረው አዩት። "አልተባረከም፣ ስለዚህ መንበር አይደለም" አሉ። ባሌ ተነፈሰ። "ነገር ግን ያልተጠመቀች ሕፃን በዚህ ላይ አትሸናበትም" አሉና ዕቃውን በዚያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አስወሰዱት። ጧፍና ዕጣን ተቀመጠበት። ሊቃውንቱ ሁሉ ተሰብስበው ያገኙልኝ የልጅ አልጋ ይኸው ነው።

ስቄ ሳልጨርስ ግን አማቴ ፈረዱ። "እንግዲህ ከእኔ ጋር ትተኛለች" አሉ። "እኔ እንቅልፌ ቀላል ነው።"

ይህችን ቃል እንዴት እንዳሏት እስከ ዛሬ አልረሳትም። ልጄን አነሡና ማዶ ወዳለው መደባቸው ወሰዱ። እኔ ዘንድ የምትመጣው ለመጥባት ብቻ ሆነች፤ ጡቱ ከአፏ ሳይወጣ እጃቸው ተዘርግቶ ይጠብቃል። ባሌን ለመንኩት፤ "እናቴ ታውቃለች" አለኝ። የሞላ ጡቴ ቀሚሴን እያራሰው፣ የልጄን ትንፋሽ ከመጋረጃ ማዶ እየቆጠርኩ እተኛለሁ። ቀን ከሌት ስድብ ሳጠራቅም ሰነበትኩ፤ ብናገረው አንድ ሳምንት የሚፈጅ ስድብ።

አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ቤቱ ጭር ብሏል። የመጥቢያዋ ሰዓት ቢያልፍም ልጄ አላለቀሰችም። መጋረጃውን ገልጬ ሄድኩ። አማቴ በጎናቸው ተኝተዋል፣ አፋቸው ተከፍቷል፣ ጋቢያቸው እስከ ትከሻቸው ተስቧል። ልጄ የለችም። ጋቢውን ብገልጠው ፊቷ ከክንዳቸው ሥር ነው፤ የክንዳቸው ክብደት በሙሉ አፍንጫዋ ላይ አርፏል። መንጭቄ አወጣኋት። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ እጇ ዝልፍልፍ ብሏል። ገልብጬ ጀርባዋን መታሁት፣ እፍ አልኩባት፣ ደግሜ መታሁት። ከዚያ ትንፋሽዋን ሳበችና ቤቱን በጩኸት ሞላችው። እንደዚያ የሚጥም ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

አማቴ ብድግ ብለው ተቀመጡ። "ምን ነካት? ምን አደረግሻት?"

"ከክንድዎ ሥር ነበረች እሜቴ" አልኳቸው። "ታፍና ነበር።"

"እኔ?" አሉ። ክንዳቸውን አዩት። "እኔኮ ዓይኔን ጨፈን ነው ያደረግሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ድምፅዋን እየሰማሁ ነበር።"

ያ ሁሉ ስድብ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አንዱም አልወጣ አለ። ፊታቸውን አየሁት፤ ፈርተዋል፣ ግን አልዋሹም። ከልባቸው ነው። ድምፅዋን እንደሰሙ ሆኖ ነው የሚያውቁት፤ በመስቀል ቢያስምሏቸው ይምላሉ።

በዚያ በሐምሌ ጠዋት ንስሐ አባታችን ስለ እንቅልፌ ሲጠይቁኝ የመለስኩላቸው ይህንኑ ነበር። ዓይኔን ጨፈን ነው ያደረግሁ፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ትንፋሹን እየሰማሁ ነበር ብዬ። እኔም ከልቤ ነበር።

ባሌ ማታ ሲገባ አማቴ ምንም አልነገሩትም፣ እኔም ምንም አልነገርኩትም። ልጄን ደረቴ ላይ አስደግፌ፣ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀምጬ ነበር። "አልጋ ፈልግላት" አልኩት። "ማንም ይሥራው ማን፣ ከእኔ ራቅ ትበል።"