ፍራው ማይሊ የታዘሉበት ረቡዕ

 ሰሞኑን ዙሪክ አጠገብ ክሎተን ከሥራ ወጥቼ ባቡር ስጠብቅ የአደጋው ሳይረን ጮኸ። በየዓመቱ በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ረቡዕ፣ ከቀትር በኋላ፣ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ብቻ የሚያስጮኹት ነው። አጠገቤ ሳንድዊቹን የሚገምጠው ሰውዬ ቀና እንኳ አላለም፤ እኔ ግን ብቻዬን ሳቅሁ፣ ዓይኔም እንባ አቀረረ።

መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት አሥር ዓመቴ ነበር፤ ዙሪክ ከመጣሁ ገና ስድስት ወሬ። ያን ጊዜ እኔና ያሳደገችኝ አክስቴ አስካለ የምንኖረው ዚል ወንዝ ዳር፣ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ዚል በበጋ ድንጋዩ የሚቆጠር፣ ዳክዬ በእግሯ የምትሻገረው ወንዝ ነው። አክስቴ ግን የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ በጣለው ዝናብ ደረቁ አሸዋ ባንድ አፍታ ጎርፍ ሲሆን አይታለች። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዝምተኛ ነው መፍራት እያለች፣ ድልድዩን ስንሻገር እጄን እስኪያመኝ ትጨብጠው ነበር። በዚያ ላይ ከወንዙ ሽቅብ ተራራው ላይ ትልቅ ግድብ እንዳለ ሰምታለች።

ምድር ቤት ብቻቸውን የሚኖሩት ፍራው ማይሊ፣ በእኛ ወይዘሮ ማይሊ፣ ጉልበታቸው እምቢ ያላቸው አሮጊት ነበሩ፤ የሕንጻው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ረስተነው የሄድነውን ካልሲ ሁሉ አጥፈው ፖስታ ሣጥናችን ላይ ያስቀምጡልናል።

ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት የለም፤ ማካሮኒ እየበላን ሳለ ሳይረኑ ጮኸ። ለካ የሙከራው ማስታወቂያ መግቢያው ላይ ተለጥፎ ሰንብቷል፤ እኛ ግን እዚያ የሚለጠፍ ወረቀት ሁሉ በማጠቢያው ክፍል ሰበብ የሚቆጣን እየመሰለን አናነበውም ነበር። አክስቴ ግድቡ የፈረሰ መስሏት ሹካዋን ጥላ ነጠላዋን አነሣች። ጎርፍ ሲመጣ ሰው ሽቅብ ይሮጣል፤ እሷ ቁልቁል ወረደች፤ እኔም አትከተይኝ ብትለኝም ተከተልኳት።

ፍራው ማይሊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ በሩን ከፈቱ፤ በጀርመንኛ ብዙ አሉ። አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታቸው በርከክ አለች።

«እማማ፣ ይታዘሉ። ሌላውን ላይ ቤት ይነግሩኛል።»

አማርኛ ባያውቁም የተንበረከከ ጀርባ ምን እንደሚል ገባቸውና ታዘሉ። አክስቴ በየፎቁ በስመ አብ ትላለች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጎረቤታችን በሩን ቢከፍት፣ ደረጃ ላይ ሰላም ሳይሉ ማለፍ እዚህ አገር ነውር ነውና፣ ፍራው ማይሊ ከአክስቴ ጀርባ ላይ ሆነው ረጋ ባለ ድምፅ «ግሩዌትሲ» ብለው ሰላምታ ሰጡት።

ሶፋችን ላይ ሲቀመጡ ሳይረኑ ዝም ብሏል። ሙከራ መሆኑን በስድስት ወር ጀርመንኛዬ የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። ፍራው ማይሊ አልሳቁባትም። እጇን ይዘው፣ ከማካሮኒውም ቀምሰው፣ እስኪመሽ አወሩልን፤ በልጅነታቸው ዚል ምድር ቤቱን ሞልቶ ድንቹ ሁሉ እንደ ዳክዬ ሲንሳፈፍ፣ በኋላም ሰዉ የወንዙን ዳር በግንብ ሲያጥር፣ ወለሉን ሲቆፍር። ጎርፉ የመጣ ቀን አባታቸው በትከሻቸው ነው ያወጧቸው።

«ከአባቴ ወዲህ ማንም ተሸክሞኝ አያውቅም» አሉ።

ማታ አጎቴ ከጄኔቭ ደወለ፤ አክስቴ የሆነውን ስትነግረው ሳቁ እኔ ድረስ ተሰማኝ። «እታለም፣ እዚህ አገር ጎርፍም ያለ ቀጠሮ አይመጣም እኮ» አላት። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ድምፅዋ ወረደ።

«ድሬዳዋ ጎርፉ የመጣ ቀን የጎረቤቴን የእማማ ዘውዴን በር አንኳኩቼ ነበር። ስላልከፈቱልኝ ወጥተዋል ብዬ ሄድኩ። አልወጡም ነበር።»



ዛሬ ዚል ሲሞላ ትርፉን ውሃ በተራራ ሥር ወደ ሐይቁ የሚያሻግር ዋሻ ተቆፍሮለታል፤ ማስጠንቀቂያውም ኪሳችን ድረስ በስልክ ይመጣል፤ ተመስገን ነው። ግን አሁን በምኖርበት ሕንጻ አሳንሰሩ ከመኪና ማቆሚያው በቀጥታ ቤቴ ያደርሰኛል፤ ምድር ቤት ማን እንዳለ፣ ጉልበቱ የሚያመው ይኑር አይኑር አላውቅም። አክስቴም ፍራው ማይሊም አርፈዋል።

አክስቴ ግን ከዚያ ረቡዕ በማግሥቱ ሥራ ከመግባቷ በፊት አከራዩ ቢሮ ሄደች። ከፍራው ማይሊ በር ፊት ለፊት ያለው፣ ማንም የማይፈልገው ምድር ቤት እንዲሰጠን አመለከተች። ኤፕሪል ላይ ገባን።