የጉንብሪት ብሎኖች

በስዊድኗ የማሉንግ ከተማ ውስጥ ጉንብሪትን የማያውቅ የዳንስ ባንድ ካለ፣ ገና ትናንት የተቋቋመ ነው። ድሮ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ጃኬት ትሰፋ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ጋራዧን ጠራረገችና ባንዶች አምፕሊፋየራቸውን አስረው የሚዞሩበትን ሳጥን፣ ራክ የሚሉትን፣ መሥራት ጀመረች። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። ባንዶቹ በጋውን ሙሉ ከመናፈሻ መናፈሻ ይዞራሉ፤ አውቶቡሱም በጠጠር መንገድ ሲንገጫገጭ ይከርማል። የሳጥኑ ብሎን ከላላ የዚያን ቀን ጭፈራ አበቃ ማለት ነው።

ሳጥኑ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቋሚ ብረቱ ራሱ ላይ የብሎን ጥርስ ወጥቶለታል፤ ብሎኑ በቀጥታ ይገባል፣ ያምራል፣ አይንኳኳም። ጥርሱ አንዴ ከተበላ ግን ብረቱ በሙሉ ይጣላል። የሁለተኛው ቀዳዳ አራት ማዕዘን ነው፤ ከኋላው ዳዶ ይሰካበታል፤ ዳዶው ከተበላሸ ነቅሎ ሌላ መሰካት ነው። ጉንብሪት ሁለተኛውን ከልቧ ትንቀዋለች። "እሱ ለኮምፒውተር ሰዎች ነው" ትላለች፣ የኮምፒውተር ሰዎች ምን እንዳደረጓት ባይታወቅም።

ኩራቷ ጣቶቿ ነበሩ። የአሜሪካው ብሎንና የአውሮፓው ባለ አምስት ሚሊሜትር ለዓይን መንትያ ናቸው። ያለቦታው የገባ ብሎን ሁለት ዙር ያህል እሺ ብሎ ይሄድና ከዚያ ይጠብቃል። ያልለመደ ሰው ይሄኔ ጉልበት ይጨምርና ጥርሱን ይበላዋል። ጉንብሪት ግን በሁለት ጣቶቿ ስታስጀምረው እንቢታው ገና ከመነሻው ይሰማት ነበር። አሁን አይሰማትም። የቀኝ እጇ ጣቶች ከደነዘዙ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ሐኪሙም ነርቩ ነው፣ አይመለስም ብሏታል። ለማንም አልተነፈሰችም። ከታወቀ ሳጥን የሚያመጣላት አይኖርም፤ ሳጥን ካልመጣ ደግሞ ቀኑ እንዴት እንደሚመሽ አታውቅም። ይህ በጣም ያስፈራታል።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ኮኒ መጣ። ኮኒ የባንድ መሪ ነው፣ ሳክስፎን ይነፋል፤ ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቿ አንዱ ነው። ለቅዳሜ የሚፈልገውን አዲስ አምፕሊፋየር ተሸክሞ እያለከለከ ገባ።

"ጉንብሪትዬ፣ እባክሽ ይሄን ጉድ ሳጥኑ ውስጥ ግጠሚልኝ። ወገቤን ቆረጠው።"

"አምፕሊፋየሩን አትማ፤ የቆረጠህ ቦርጭህ ነው።"

"አንቺ ደግሞ አንድ ቀን እንኳን ደግ ቃል አይወጣሽም!"

"ደግ ቃል ከፈለግህ ሚስትህ ጋ ሂድ። በል ያዝልኝ።"

እሱ ደግፎ ያዘላት፤ እሷ የመጀመሪያውን ብሎን በጣቷ አስጀመረችና በካቻቢቴ ቀጠለች። ጥሩ የሄደ መሰላት። ሁለተኛውን ስታጠብቅ ነጩ ጠረጴዛ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ረገፈ። ሁለቱም አዩት። ቋሚው ብረት የአሜሪካ ነው፤ ያስገባችው ብሎን የአውሮፓ።

ጥፋቱ የብሎኑ ነው፣ ብሎኑን የሠራው ፋብሪካ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ግን ደከማት።

"ጣቶቼ ናቸው" አለች። "ምንም አይሰማቸውም።"

"አውቃለሁ" አለ ኮኒ።

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

ኮኒ አምፕሊፋየሩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ አጭር ካቻቢቴ አወጣ። "ጭፈራው ከመጀመሩ በፊት በየሄድንበት እያንዳንዷን ብሎን አያለሁ። የላላውን አጠብቃለሁ፤ ያላግባቡ የገባውን እቀይራለሁ። አምና በጋውን ሙሉ እንደዚያ ነበር።"

ጉንብሪት ጆሮዋ ድረስ ቀላች። "ታዲያ ምን ልትሠራ ነው የምትመጣው? ልታዝንልኝ?"

"ብነግርሽ በሩን ትዘጊው ነበራ።"

"ሌሎቹ ባንዶችስ?"

ኮኒ ካቻቢቴውን ወደ ኪሱ መለሰ። "ሁሉም ካቻቢቴ ይዘዋል። ግዙ ያልኳቸው እኔ ነኝ።"

ጉንብሪት በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ደንበኞቿ አሥራ አንድ ባንድ ናቸው። አሥራ አንድ ጎልማሳ በየመናፈሻው መድረክ ጀርባ ተንበርክኮ የእሷን ብሎን ሲያጠብቅ፣ በሚቀጥለው ወርም ምንም እንዳልተፈጠረ ሌላ ሳጥን ይዞላት ሲመጣ ታያት። በኀፍረት ተቃጠለች። ደስም አላት፤ ደስ ማለቱ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ከዚያ ተነሥታ አንድ ሻጭ ለናሙና ብሎ ትቶላት የሄደውን ካርቶን ከመደርደሪያው ሥር ጎትታ አወጣች። ውስጡ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ብረቶች ነበሩ። አንድ ዳዶ አንሥታ በመሣሪያ ጫን አደረገችው፤ ቀጭ ብሎ ገባ። ለዚህ ጣት አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል።

"ቅዳሜ ስትገናኙ ንገራቸው" አለች ፊቷን ሳታዞር። "ሁሉም ሳጥናቸውን ይዘው ይምጡ፤ ብረቱን እቀይርላቸዋለሁ።"

"ለምን ቢሉኝ?"

"ጣቶቿ ደንዝዘዋል በላቸው። ራሷ ናት የነገረችኝ በል።"