መስታወት ሥር የመጣ ደም

የመተማ ሙቀት ሰውም ዕቃም አይምርም። በምሠራባት ትንሽ የግል ላቦራቶሪ ማራገቢያው ከእኔ ይልቅ ወደ ማሽኗ ዞሮ ይውላል። ማሽኗ ስፔክትሮፎቶሜትር ትባላለች፤ ከአንድ ድፎ ዳቦ አትበልጥም። በናሙናው ውስጥ ብርሃን አሳልፋ ምን ያህሉ እንደቀረ ትለካለች። አትዋሽም፤ ግን ያቀረቡላትን ብቻ ነው የምትናገረው። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ታናሽ ወንድሜ ኮኪት አካባቢ ሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል። ሚስቱ ከወለደች ሳምንት አልሞላትም። የሕፃኗ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ እዚያ ያለች ነርስ ደም ቀድታ በእሱ እጅ ላከችልኝ። ቢጫው ነገር በደም ውስጥ ከበዛ ወደ አንጎል ይዘልቃል፣ ሕፃኑም ደንዝዞ እንቅልፍ ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ጎንደር ቢያደርሷትም ምን ዋጋ አለው? ደሙ ያለባትን ብልቃጥ ከእጁ ተቀበልኩ።

ናሙናውን አዘጋጅቼ አስገባሁ። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ወጣ፤ የሚያሰጋ አይደለም። ስነግረው ወንድሜ አማተበና ወዲያው ለሚስቱ ደወለ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ግን የፈራሁት ሲቀር ይበልጥ እጠረጥራለሁ። ብልቃጧ ስትመጣ ትኩስ ነበረች።

"ብልቃጧን የት አድርገህ ነው ያመጣሃት?" አልኩት።

"ከትራክተሩ መሪ ፊት፣ መስታወቱ ሥር አስደግፌ። ነርሷ በጥቁር ወረቀት ጠቅልላት ነበር፤ እንዳትሰበር እያየኋት ልምጣ ብዬ ገለጥኳት። መንገዱን ሙሉ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የጠበቅኳት፣ እታለም።"

ያን ቢጫ ነገር ፀሐይ ይበላዋል፤ ወረቀቱም ለዚሁ ነበር። ማሽኗ የለካችው ከፀሐይ የተረፈውን ነው።

ስልኩን ከእጁ ነጥቄ ለሚስቱ መልሼ ደወልኩ። "ልጅቷ እንዴት ናት?"

"ተኝታለች" አለች ሚስቱ፣ ድምጿ ደስ ብሎት። "ደህና ናት ስትሉኝ ለጡትም አልቀሰቀስኳት። ከጠዋት ጀምሮ እንቅልፏ ጣፍጧታል።"

"አሁኑኑ ቀስቅሻት።"

"ተነሽ የኔ እናት" ስትል ሰማኋት። ደግማ ጠራቻት። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ።

"አቅፈሻት ወደ አስፋልቱ ውጪ፤ መኪና ይዘን እየመጣን ነው፣ ጎንደር ትሄዳለች" አልኳት።

ጫማዬን እንኳ ሳላጠልቅ ወጣሁ። መኪና ፍለጋ ስሮጥ ወንድሜ ከኋላዬ ይከተለኛል፣

"እታለም፣ ደህና ናት አላልሽኝም?"