የጂንጃ ምንጭ

ናካሴሮ ባለች አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ ካምፓላ ለምንኖር ሐበሾች የኡጋንዳን ጉብኝት በአማርኛ ማስተዋወቅ ነው ሥራዬ። አለቃዬ ኡጋንዳዊት ናት። እሷ በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች፤ እኔ እጽፋለሁ፣ ዋንዴገያ ሄጄ አሳትማለሁ፣ ከዚያ በየምግብ ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ በር እበትናለሁ። አምና በኅዳር የተጠበሰ ፌንጣ የሚበላበትን ሰሞን አስተዋውቅ ብላኝ አንድም ሰው አልተመዘገበም። ሐበሻን ፌንጣ ና ብላ ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳት ብሞክር ሳቀችብኝ።

ለገና ሰሞን ግን ወንዝ ዳር ያለችውን የጂንጃን ከተማ ሰጠችኝ። ዝናቡ አባርቷል፣ ሰዉ ፈቃድ ላይ ነው፣ የጀልባ ሽርሽርና ዓሣ ጥብስ አለ። ከሁሉ በላይ በትልቁ እንዲጻፍ ያዘዘችው «የናይል ምንጭ» የሚለውን ነው። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ፈሪ ነኝ። የዓባይ ምንጭ ጎጃም ነው ብሎ የሚጣላኝ እንዳይመጣ «የነጭ ዓባይ ምንጭ» ብዬ አስተካከልኩት። ክርክር ቢነሳ የምመልሰውንም እንደ ፈተና አጠናሁ። ማንም አልተከራከረኝም።

የገና ጾም በተፈታ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት፣ ናኪቩቦ አጠገብ መንገደኞቼን ሚኒባስ ላይ ሳሳፍር፣ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው መጡ። ያደረሰቻቸው ጎረቤት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ልጃቸው እዚህ ታሞ ተኝቷል፤ እሱን ሊያስታምሙ ነው ከአገር ቤት የመጡት። ትንሽ ይናፈሱ፤ በሽተኛውን እኔ አያለሁ» አለችኝ። ሌላው ሁሉ ካሜራና መነጽር ይዟል። ጀሪካኑ ለምን እንደሆነ ግራ ገባኝ፤ ግን ምን ብዬ ልጠይቅ?

መንገድ ላይ ቆመን ሁሉም ሮሌክስ ገዛ፤ እንቁላል የተጠቀለለበት ቻፓቲ ነው። ለእሳቸውም አንድ ይዤ ሄድኩ።

«እማማ፣ ዛሬ ጾም አይደለም እኮ። ይቅመሱ እንጂ።»

«ሳልደርስ አልቀምስም ልጄ። አንተ ብላ።»

መኪና የሚያጥወለውላቸው ይሆናል ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ሮሌክሱን እኔው በላሁት።

ጂንጃ ደርሰን ከሚኒባሱ እንደወረድን፣ ሰዉ ፎቶ ለመነሳት ሲሯሯጥ እሳቸው ጫማቸውን አወለቁ። አማተቡ፤ ወደ ውኃው ዞረውም ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

«እማማ፣ መሬቱ ያቃጥላል፤ ጫማዎን ያድርጉ።»

«ምን ማለትህ ነው? እዚህ በጫማ ይቆማል? ይልቅ የሚያጠምቁት ካህን የት ናቸው?»

ያኔ ገባኝ። እንግሊዝኛው ወንዙ የሚጀምርበትን ቦታ ነው የሚለው። እኔ ግን በቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ከቅዳሴ ለሚወጣ ሰው፣ ምንጭ የሚል ወረቀት ነው የበተንኩት። ጎረቤታቸው ስታነብላቸው ሌላ ምን ሊሰሙ ኖሯል? ከመሬት የሚፈልቅ፣ የሚፈውስ ውኃ ነው የሰሙት።

እዚያው መናገር ነበረብኝ። ግን ጀልባው ሊነሳ ነው፣ ሰው ይሰማል፣ እናትዬው ያፍራሉ እያልኩ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ይቅዱት፣ ቤታቸውን ይርጩበት፣ ማንን ይጎዳል ብዬም ራሴን አጽናናሁ። ባለጀልባው ውኃው ከሥር ቡልቅ ቡልቅ የሚልበትን ቦታ ለማሳየት ሞተሩን ሲያጠፋ፣ ቀስ ብለው እልል አሉ።

«እውነት ነው ልጄ፣ ይኸው ይፈልቃል!» አሉና ጀሪካናቸውን አጠለቁ።

እስከ አፉ ሞሉት። ክዳኑን እያጠበቁ፣ «ማታ አጠጣዋለሁ። ኪኒኑን ከትናንት ጀምሮ አስትቼዋለሁ፤ ከጠበል ጋር አይሄድም» አሉኝ።

ስንት ጊዜ የሚወሰድ ኪኒን እንደሆነ አላውቅም፤ ለምን በሽታ እንደታዘዘም አላውቅም። አንድ ሰው ካምፓላ አልጋ ላይ ያለ መድኃኒቱ መዋሉን ብቻ ነው የማውቀው፤ በእኔ አንዲት ቃል። ጀልባው ዳር እስኪደርስ ያለው ጊዜ አላልቅ አለኝ።

እንደወረድን ክንዳቸውን ይዤ ከሰው ለይቼ አስቀመጥኳቸው።

«እማማ፣ ይሄ ጠበል አይደለም። ከሐይቅ የሚወጣ ወንዝ ነው። ሳይፈላ ጤነኛ ሰው እንኳ አይጠጣውም። ልጅዎ ኪኒኑን ዛሬውኑ ይጀምር፤ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ።»

«አይቼው የለ እንዴ ሲፈልቅ?»

«ይፈልቃል። ግን ያልተባረከ ውኃ ነው። ካህንም የለበትም።»

«ታዲያ ማነው ምንጭ ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እርግማን ጠበቅሁ። ቢረግሙኝ በወደድኩ ነበር። አንገታቸውን አቀርቅረው ባዶ እግራቸውን አዩና፣ «እስቲ ጎረቤቴ ጋ ደውልልኝ» አሉ።

ደውዬ ስልኩን በጆሯቸው ያዝኩላቸው።

«ኪኒኑን ስጪው» አሏት። «አዎ፣ አሁን ስጪው። ጠበሉ ተገኘ ወይ ብሎ ከጠየቀሽ ግን፣ ወረፋ ይዛለች በይው።»