መደቡ የታጠፈ ተቀባይ

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በሐይቅ ዳሩ ግቢ አራት ነበርን፤ መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠሩት አጎቴ፣ ባለቤታቸው አክስቴ፣ ጎረቤታችን የሒሳብ መምህሩ እና እኔ። አጎቴ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶባቸው ለሰኞ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዘዋል። ልባቸው ግን ገና አልቆረጠም።

እኔ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ። ስለዚሁ ካንሰር የተጻፈውን አንዱን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ስለዚህ አስረዳ ተባልኩ።

«በሴሉ አስኳል ውስጥ ተቀባይ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እንደ ሥራ ኃላፊ ቁጠሩት» አልኩ። «ከፀሐይ የምናገኘው ቫይታሚን ዲ እንደ ደብዳቤ ይደርሰዋል። እሱም ጂኖቹን መባዛት ይብቃ ብሎ ያዛል። ካንሰሩ ውስጥ ግን ደብዳቤው ቢደርስም የሚያነበው የለም።»

«ስብሰባ ላይ ነው በለና!» አለ መምህሩ።

በዚያ ዘመን ግምገማና ሥልጠና ስለማያልቅ፣ ቢሮው የተገኘ ኃላፊ ወሬ ነበር። ነገሩን ያቀለልኩ መስሎኝ፣ «እንደዚያ በሉት» አልኩ።

የአጎቴ ፊት በራ። «ታዲያ ምን ያስቆርጠኛል? ዕድሜዬን ኃላፊ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ስብሰባ የገባ ይወጣል። ፀሐይ እየሞቅሁ እጠብቀዋለሁ።» ወንበራቸውንም ወደ ፀሐዩ አዞሩ።

«አበስኩ ገበርኩ!» አለች አክስቴ። «ጎሽ የኛ ፕሮፌሰር! ሐኪሙ በስንት ልመና ያሳመኑትን ሰው በአንድ ቃል አፈረስክብኝ።»

ለማረም ቸኮልኩ። «ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ። ስብሰባ አልሄደም። ጽሑፉ የሚለው፣ ካንሰሩ እየገፋ ሲሄድ ሴሉ ተቀባዩን ራሱን መሥራት ይተዋል ነው። መደቡ ታጥፏል።»

አጎቴንም ከመሥሪያ ቤት ያሰናበታቸው ይህንኑ ቃል የያዘ የመዋቅር ለውጥ ደብዳቤ ነው። ሁለት ዓመት አቤት ቢሉ፣ ጠረጴዛቸው እንኳ የት እንደገባ የነገራቸው አልነበረም።

«ታጥፏል?»

«ታጥፏል፣ ጋሼ። በሁሉም ሰው ላይ እኩል ባይሆንም...»

«በቃ! የታጠፈ መደብ አይጠበቅም።» ወደ አክስቴ ዞር ብለው፣ «የሰኞውን ልብስ አዘጋጂ» አሏት።

ሰኞ ገቡ፤ ዕጢው ወጣላቸው። ለጠያቂ ሁሉ የታመሙት በመዋቅር ለውጥ ምክንያት እንደሆነ ያስረዱ ነበር፤ እኔም ማረም ትቼ ነበር።

አክስቴ፣ አንተም መምህር፣ ይህን ካነበባችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ። በተለይ «ታጥፏል?» ሲሉ ፊታቸው ምን ይመስል እንደነበር ጻፉልኝ፤ እኔ መሬት መሬቱን ነበር የማየው።