ስለ አሥራ አንዱ ምርኮኞች የሰጠሁት ቃል

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋንታችን ጠላት የመሸገበትን ኮረብታ እንድትይዝ ታዘዘች። ሦስት ሰዓት ላይ ያዝነው። መቶ አለቃችንን ጨምሮ አራት ሰው ወደቀብን። ምሽጉ ውስጥ የቀሩት አሥራ አንድ ተዋጊዎች እጃቸውን ሰጡ። ከእኛው ኮዳ ውሃ አጠጣናቸው፤ ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው።

ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ሻለቃ በጂፕ መጣ።

«ለምርኮኛ የሚተርፍ ስንቅ የለም» አለ።

አሥር አለቃ ደምሴ፣ «ጌታዬ፣ እጃቸውን የሰጡ ናቸው እኮ!» አለው።

ሻለቃው ከሌላ ጋንታ ሰዎች አስጠርቶ አስረሸናቸው። እኛ ፊታችንን አዞርን። እኔም አዞርኩ።

ይህን ለዓመታት ለማንም አልተናገርኩም። ሜልበርን ከተማ መጥቼ፣ ዌሪቢ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ከየአገሩ የተውጣጡ የሕግ ሰዎች ከየትኛውም መንግሥት ውጭ በራሳቸው ያቋቋሙት ችሎት ካርልተን ሰፈር ውስጥ በዚያ ጦርነት ስለተፈጸመው ወንጀል ምስክር እንደሚሰማ ሰማሁ። ልጄ ሣራ በመኪና ስታደርሰኝ፣ «አባዬ፣ ግዴታ የለብህም» አለችኝ በእንግሊዝኛ። ግዴታማ ነበረብኝ።

ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። የሻለቃውንም ስም ሰጠሁ። ስጨርስ፣ «መቼ ነው የምትይዙት?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሰብሳቢዋ በአስተርጓሚ መለሱልኝ፦ «እኛ ማሰር አንችልም። ሰምተን፣ መርምረን፣ ፍርዱን ለመንግሥታት እንልካለን።»

«ታዲያ እኔን ምን አደከማችሁኝ?» አልኩ። አስተርጓሚው አለዝቦ እንደተረጎመው ገባኝ።

ስወጣ ቃሌን ሲሰሙ የነበሩ፣ ከኮሊንግዉድ ሰፈር የመጡ አንዲት ሴት በር ላይ ጠበቁኝ።

«ጋሼ፣ ወንድሜ የጠፋው እዚያ ኮረብታ ላይ ነው። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው። አይተውታል?»

ላስታውስ ታገልኩ። «እህቴ፣ አላስተዋልኩም» አልኳቸው። ክንዴን ይዘው ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ለቀቁኝ።

በዓመቱ ውሳኔው በፖስታ መጣልኝ። የጦር ወንጀል ተፈጽሟል ይላል። ለመንግሥታቱ ተልኳል፤ መልስ የሰጠ ግን የለም። ሻለቃውን እስከ ዛሬ የጠየቀው ሰው የለም። ወረቀቱን ቀድጄ ልጥለው አስቤ ነበር። አልጣልኩትም፤ ከዚያ ወረቀት በቀር ስለ እነዚያ ሰዎች የተጻፈ ነገር አላውቅም።

ከእኛ አራት፣ ከእነሱ አሥራ አንድ። ወረቀቱ ላይ የእኛዎቹ አራቱ እስከነአባታቸው ስም ተጽፈዋል። በአሥራ አንዱ ትይዩ «ስማቸው ያልታወቀ» ይላል። ከእነሱ ጋር አምስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን ነበር።